የመንግሥት ተቋም በይግባኝ ሲሸነፍ የክርክሩን ወጪ ማን ይከፍላል?

ባሕር ዳር፦ ባሕር ዳር ከተማ እየሰፋች በሄደች ቁጥር በዙሪያዋና በጣና ዳርቻ መሬታቸውን ለሕዝብ ጥቅም የሚለቅቁ አርሶ አደሮች በካሳ ጉዳይ ከመንግሥት ተቋማት ጋር መከራከራቸው አይቀርም። ክርክሩ ይግባኝ ሲደርስ የዳኝነት ክፍያ፣ የጠበቃ፣ የመጓጓዣና የምስክር ወጪ ይደራረባል። ተቋሙ ሲሸነፍስ ይህን ወጪ ማን ይሸፍናል?

ሕጉ ምን ይላል?

በ1958 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 462 ወጪና ኪሳራን የትኛው ወገን፣ ምን ያህል እንደሚከፍል የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤቱ ይሰጣል። ድንጋጌው ተሸናፊው ግለሰብ ነው ወይስ መሥሪያ ቤት ብሎ አይለይም። ሆኖም ያሸነፈ ሁሉ ወጪው አይመለስለትም።

በርካታ ፍርዶች፣ በተለይም የሰበር ውሳኔዎች፣ «ወጪና ኪሳራ ግራ ቀኙ የየራሳቸውን ይቻሉ» በሚል ትእዛዝ ይዘጋሉ። እንዲህ ሲሆን ካሳው የተሻሻለለት አርሶ አደር ከተጨመረለት ገንዘብ ላይ የክርክሩን ወጪ ራሱ ይሸፍናል። ተቋሙ እንዲከፍል ሲታዘዝ ደግሞ የሚከፈለው ከሕዝብ ሀብት ነው።

ወጪን ለማስመለስ ምን ያስፈልጋል?

• በክሱ፣ በይግባኙ ወይም በመልሱ ላይ ወጪና ኪሳራ እንዲተካ በግልጽ መጠየቅ፤
• የዳኝነት፣ የጠበቃና የመጓጓዣ ደረሰኞችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማስቀመጥ፤
• ፍርድ ቤቱ ወጪው እንዲተካ ከወሰነ ወይም ዝርዝር የማቅረብ መብትን ከጠበቀ፣ በቁጥር 463 መሠረት የወጪ ዝርዝር ማቅረብ።

ከፍርድ ቤት በፊት

በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት የካሳ ቅሬታ በመጀመሪያ ለአቤቱታ ሰሚ አካል፣ ቀጥሎ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ይቀርባል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚኬደው። በየደረጃው የማመልከቻው ጊዜ 30 ቀን በመሆኑ ውሳኔው በጽሑፍ የደረሰበትን ቀን መመዝገብ ይገባል።

አቅም ለሌላቸው

የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው የንብረቱን ዝርዝር ከማመልከቻው ጋር አቅርቦ «በደሃ ደንብ» እንዲከራከር መጠየቅ ይችላል፤ ይህም ከቁጥር 467 ጀምሮ ተደንግጓል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ሥልጣኑ የፍርድ ቤቱ በመሆኑ አርሶ አደሩም ከተሸነፈ የተቋሙን ወጪ እንዲተካ ሊታዘዝ ይችላል። ስለዚህ ይግባኝ ከመጠየቅ በፊት ሊጨመር የሚችለውን ካሳ ከሚወጣው ወጪ ጋር ማነጻጸር ተገቢ ነው።