ከእራት ገበታ የሚሰጥ ፍርድ



ተመልካች እራቱን እየበላ በነፍስ ግድያ ክስ የሚፈርድበት ትያትር በውጭው ዓለም የታወቀ ነው። ለእኛም ፈጽሞ ባዕድ አይመስለኝም። በጥንቱ የተጠየቅ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው መንገደኛውን «ዳኘን» ይሉት ነበር። ልዩነቱ፣ መንገደኛው ባለጉዳዮቹን ዐይን ለዐይን እያየ መፍረዱ ነው።

ታኅሣሥ 7 ቀን 1953 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ከሌሎች ታጋቾች ጋር ተገደሉ። ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይም ለፍርድ ቀርበው መጋቢት 21 ቀን ተሰቀሉ። ይህን ችሎት እዚህ አሶሳ በእራት ትያትር ብናቀርበው፣ የምንዳኘው ግድያውን ነው ወይስ መፈንቅሉን የወለደውን ሥርዓት? ችሎቱ የመጀመሪያውን ጥያቄ ዘጋ፤ ሁለተኛው በ1966 ዓ.ም. አብዮት ሆኖ ተመለሰ። ስለዚህ ተመልካቹ ሁለቱን ጥያቄዎች ለይቶ ይፍረድ እላለሁ፤ የሥርዓቱ በደል የሟቾቹን ደም አያደርቅም፣ የሟቾቹም ደም የሥርዓቱን በደል አይሸፍንም።