ናስና ነሐስ

ባለፈው የእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ በንብረት ክፍላችን ያሉት አሮጌ ዕቃዎች ለቆራሌው በኪሎ ይሸጡ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ፣ አፉ የተሰነጠቀው ጥሩምባችን «ናስ ነው»፣ «የለም ነሐስ ነው» የሚል ክርክር ተነሥቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ያን ቀን ነገሩ በሣቅ አለፈ። እኛ ግን ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን ስለሆንን፣ አንድ ዕቃ በሁለት ስም ሲመዘገብ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንልንም። ስለዚህ ጠይቀንም አንብበንም ያገኘነውን እነሆ ጽፈናል።

ክርክሩን ያመጣው ስሙ ነው። በግዕዝ ነሐስ የሚባለው በአማርኛ አፍ ሲያጥር ናስ ሆነ፤ አባቶቻችንም መዳቡንም ቅይጡንም በዚሁ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። ዛሬ ግን ለይቶ መናገር ይሻላል። መዳብ ከቆርቆሮ ጋር ሲቀላቀል ነሐስ፣ ከዚንክ ጋር ሲቀላቀል ናስ እንበለው። ቆርቆሮ ስንል ታዲያ የጣራውን ማለታችን አይደለም። የጣራው ቆርቆሮ ብረት ሆኖ ላዩ በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ዚንጎ የሚሉት የሰሜን ሰዎች ከእኛ የተሻለ ስም አውጥተውለታል። እውነተኛው ቆርቆሮ ነጭና ለስላሳ፣ በ232 ዲግሪ የሚቀልጥ፣ የመዳብ ድስት ውስጡ የሚለበጥበት ነው።

ከሁለቱ ታላቁ ነሐስ ነው። ከ5 ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ ሰው መጥረቢያና ጩቤ ሲሠራበት ኖሯል። ናስ የዘገየበት ምክንያት ግን የሚያስገርም ነው። መዳብ ለመቅለጥ 1085 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ዚንክ ደግሞ በ907 ዲግሪ እንደ ውሃ ፈልቶ ይተናል። መዳቡ ሳይቀልጥ ዚንኩ አመለጠ ማለት ነው! የጥንት ሰዎች ዘዴ አላጡም፤ ዚንክ ያለበትን ድንጋይ ፈጭተው ከከሰልና ከመዳብ ስባሪ ጋር በታሸገ ሸክላ ውስጥ ያግሉታል፣ እንፋሎቱም መውጫ ሲያጣ መዳቡ ውስጥ ይገባል። ዚንክን ለብቻው ልክ እንደ አረቄ በእንፋሎት ማውጣትን ሕንዶች ዛዋር በሚባል ስፍራ ከአውሮፓ ቀድመው ሠርተውበታል። በእንግሊዝ አገር ዊልያም ሻምፒዮን የተባለው ሰው ለዚሁ ሥራ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1738 እ.ኤ.አ. ነው።

አገራችንም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በአንደኛው መቶ ዓመት፣ ስሙ ያልታወቀ አንድ ጸሐፊ የቀይ ባሕርን ንግድ በግሪክኛ ሲጽፍ በአዱሊስ ወደብ የሚገባውን ሸቀጥ ዘርዝሯል። ናስ ለጌጥ፣ ደግሞም እየተቆራረጠ በገንዘብ ፈንታ፤ መዳብ ለማብሰያና ለሴቶች አምባርና አልቦ ይገባ ነበር ይላል። ጠገራ ብር ከመምጣቱ በፊት፣ አክሱምም የራሷን ገንዘብ ሳትመታ፣ ሰው ናስ ቆርጦ ይገበያይ ነበር ማለት ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት የሚፈልግ ሳንቲም ይፈልግ። በንጉሡ ጊዜ 1936 ዓ.ም. ተብሎ የተጻፈበት፣ አንበሳ ያለበት ባለ አምስትና ባለ አሥር ሳንቲም ነሐስ ነው፤ ቀላ ብሎ ይጠቁራል። በ1969 ዓ.ም. የወጣው ባለ አምስትና ባለ አሥር ግን ናስ ነው፤ አዲስ ሳለ ወርቅ ይመስላል። መዋጮ በሳንቲም ይሰበሰብ በነበረ ጊዜ የቆጠራችሁ ታውቁታላችሁ።

ወደ ጠባያቸው እንምጣ። ናስ ገር ነው። ይቀጠቀጣል፣ ይሳባል፣ እንደ ወረቀት ይሳሳል። የጥይት ቀለህ ከመቶ 70 መዳብ 30 ዚንክ የሆነው ሲሳብ ስለማይቀደድ ነው። ቁልፍና የቧንቧ መክፈቻም ከናስ ይሠራሉ። ነሐስ ደግሞ ቀልጦ ሲፈስስ የቅርጹን ጥቃቅን ሁሉ ይሞላል፣ ዝናብና ፀሐይም ይችላል። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በአራዳ ጊዮርጊስ የቆመው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ነሐስ ነው፤ ጣልያን በወረራው ዘመን ቢያነሣውም ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆሟል።

የደወል ነሐስ ለብቻው ነው። ከመቶ 20 ያህል ቆርቆሮ ይገባበታል፤ ስለዚህ ድምፁ ረጅም ነው፣ ግን እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነው። የተሰነጠቀ ደወል ለተራ በያጅ ቢሰጥ ስንጥቁ ሊብስ ይችላል። (የድንጋይ ደወል ያላቸው ገዳሞቻችን ከዚህ ጣጣ ድነዋል።)

ጥሩምባችንን ሞርደን አይተነዋል፤ ቢጫ ነው፣ ስሱ ነው፣ ጠርዙም በመዶሻ የታጠፈ ነው። ደወል በሚሠራበት ነሐስ እንዲህ ያለ ነገር መቀጥቀጥ አስቸጋሪ ነው። እንግዲህ ናስ ነው፣ በመዝገቡም እንደዚሁ ይታረም። ናስ ከሆነ ደግሞ በቆርቆሮና በእርሳስ ብየዳ ይያያዛል። ቢመዘን አንድ ኪሎ የማይሞላውን፣ የስንቱን ቤት መርዶ በሌሊት ያሰማንን ዕቃ ከሽያጩ ዝርዝር አውጥቶ ወደ በያጅ እንዲልከው ለኮሚቴው በጽሑፍ አመልክተናል።