ዲሜንሺያ፦ የአእምሮ መሸርሸር

ለዲሜንሺያ በአማርኛ የለመድነው ስም «የመርሳት በሽታ» ነው። ስሙ ሲሰሙት ቶሎ ይገባል፤ የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው። ቁልፉን ያስቀመጠበት የጠፋው ጎልማሳ «ጀመረኝ እንዴ?» ብሎ ይደነግጣል። ሃምሳ ዓመት ቡና ያፈሉ እናት ደግሞ የተቆላውን ሳይወቅጡ ጀበና ውስጥ ሲጨምሩት ቤተሰቡ «ደክሟቸው ነው» ብሎ ያልፋል። የመጀመሪያው ተራ ዝንጋታ ነው። ሐኪም ሊያየው የሚገባው ሁለተኛው ነው፤ ስሙ ግን ከመርሳት ሌላ ስለማይጠቁም ማንም ልብ አይለውም።

ሌላው ቃላችን «ጃጀ» ነው። ስድብ መሆኑ ሳያንስ ጥፋቱን ሁሉ በዕድሜ ላይ ይጥላል። ይህ ዛሬ የመጣ አይመስለኝም። በግእዝ በንጉሡ ሠና በአልፋው አ «ረሥአ» ካልን አረጀ ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰና በዐይኑ ዐ «ረስዐ» ካልን ደግሞ ረሳ። ምላሳችን ሁለቱን ለይቶ መጥራት ከተወ ቆይቷል፤ ሐሳባችንም አብሮ ሳይተወው አልቀረም።

ዲሜንሺያ በላቲን ሥሩ ከአእምሮ መራቅን ያመለክታል። እኔ «የአእምሮ መሸርሸር» ብለው እመርጣለሁ። ቃሉን ከአፈር ወስጄዋለሁ። ጎርፍ መጀመሪያ የሚወስደው የላዩን አፈር ነው፤ የሥሩ ቋጥኝ ይቆያል። ሕመምተኛውም ጠዋት የበላውን ሳያስታውስ በልጅነቱ የተማረውን ዳዊት በቃሉ ይወጣዋል። ውጭ አገር ለአሥርት ዓመታት የኖረ ሰው በኋላ የተማረው ቋንቋ ቀድሞ እየከዳው ወደ አፍ መፍቻው ሊመለስ ይችላል።

አልዛይመርን ግን በስሙ እንተወው። መሸርሸሩ የብዙ ሕመሞች ውጤት ሲሆን አልዛይመር ከእነርሱ ዋነኛው ነው፤ ከ100 ሕመምተኞች ከ60 እስከ 70 የሚሆኑት ላይ ምክንያቱ እሱ ነው። ስሙ የመጣው ከጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ፍራንክፈርት ውስጥ አውጉስተ ዴተር የምትባል ሴት ሕክምና ቤት ገባች። አበባ ጎመንና የአሳማ ሥጋ እየበላች ምን እንደምትበላ አልዛይመር ሲጠይቃት «ስፒናች» አለችው። ሳህኑ ፊቷ ነው፤ ምኑ ይረሳል? ዕድሜዋ ደግሞ 51 ነበር፤ «ጃጀች» ለማለት እንኳ አይመችም።

በ1906 ስትሞት አልዛይመር አንጎሏን በማይክሮስኮፕ አየ። ዛሬም ምርመራው የሚያርፍባቸውን ሁለት ነገሮች አገኘ። አንደኛው በነርቭ ሕዋሳት መካከል የተጋገረ ዝቃጭ ሲሆን አሚሎይድ ቤታ ከተባለ ፕሮቲን የተሠራ መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። ሁለተኛው በሕዋሱ ውስጥ የተተበተበ ፈትል ነው። ፈትሉ ታው የሚባል ፕሮቲን ነው፤ በጤናው ጊዜ በሕዋሱ ውስጥ ምግብ የሚመላለስባቸውን ቀጫጭን ሐዲዶች አጥብቆ ይይዛል። ሲላቀቅና ሲተበተብ መመላለሻው ይዘጋል፤ ሕዋሱ ከጎረቤቶቹ ጋር መነጋገር ያቆማል፣ ቆይቶም ይሞታል። ጉዳቱ ቀድሞ የሚበረታው አዲስ ትዝታ በሚቀረጽበት በሂፖካምፐስና በአካባቢው ነው። የጠዋቱ ቁርስ የሚጠፋውም ስለዚህ ነው፤ ከመጀመሪያውም በደንብ አልተቀረጸም።

እዚህ ላይ የእኔም ቃል ይጎድላል። መሸርሸር ይወስዳል እንጂ አያጠራቅምም፤ አልዛይመር ግን ሁለቱንም ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብ የተጠራቀመውን አሚሎይድ ይጠርጋል። በመነሻ ደረጃ ላይ ላሉ ሕመምተኞች ሕመሙን በመጠኑ ያዘገያል እንጂ የሞተ ሕዋስ አያስነሳም።

ሁሉም መሸርሸር ግን እንዲህ አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስና ድባቴ ዲሜንሺያ መስለው ይመጣሉ፤ ሲታከሙም ሊሻሉ ይችላሉ። «ጃጅተው ነው» ብሎ ቤት የሚያስቀምጥ ቤተሰብ ይህንን ዕድል ሳያውቅ ያሳልፈዋል።

መርማሪውም በቃላት ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በብዙ አገር የሚሠራበት ባለ 30 ነጥብ የአእምሮ መፈተሻ አለ፤ ከነጥቦቹ 5ቱ ዓመቱን፣ ወቅቱን፣ ወሩን፣ ቀኑንና ዕለቱን ለሚያውቅ ይሰጣሉ። ዋሽንግተን የሚኖሩ አንድ አባት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ተጠየቁ እንበል። ዓመቱን 2017 ይላሉ። ወቅቱን በጋ ይላሉ፤ ውጭ በረዶ ይጥላል። ወሩ ጥር፣ ዕለቱ ሰኞ። ቀኑንስ? «ትናንት ጥምቀት አልነበር? ዛሬ ሚካኤል ነዋ!» አንድም አልተሳሳቱም፤ ወረቀቱ ላይ ግን 3 ነጥብ ጎድሎባቸዋል።