ስለ ሃያ አንድ ቁማርና ስለ አራቱ ወታደሮች

ከቁማር ጠረጴዛ ፊት የተቀመጠ ሰው ከሁለት ነገር በአንዱ ይመራል፤ ወይ በልቡ ምኞት፣ ወይ በሒሳብ። በምኞት የሚመራው ብዙ ነው፤ በሒሳብ የሚመራው ግን ጥቂት ነው። ቁማርን በሒሳብ የመረመሩ ሰዎች ታሪክ ቁማርን ከቶ ለማይነካ አንባቢም ትምህርት ስላለበት፣ እዚህ ላይ በአጭሩ እንተርከዋለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዛሬ ብላክጃክ የሚባለው የካርታ ጨዋታ የቀድሞ ስሙ ሃያ አንድ ነበር። የእስፓኙ ደራሲ ሴርቫንቴስ በ1613 ባሳተመው አንድ ታሪክ ውስጥ በዚህ ጨዋታ እያታለለ የሚኖር አንድ ወጣት ይገኛል። እንግዲህ ጨዋታው የየዋሆችን ገንዘብ መብላት ከጀመረ ብዙ ዘመን ነው።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ካርታውን የሚያድለው የቁማር ቤቱ ሰው፣ እርሱንም አዳይ እንለዋለን፣ ለተጫዋቹ ሁለት፣ ለራሱም ሁለት ካርታ ይሰጣል፤ ከራሱም አንዱን ገልጦ ያሳያል። ባለሥዕል ካርታ ሁሉ እንደ 10 ይቆጠራል፤ አስ የሚባለው 1 ወይም 11 ይሆናል። ከ21 ሳያልፍ በቁጥር የበለጠ ያሸንፋል። አዳዩ 17 እስኪሞላ ድረስ ካርታ የመሳብ ግዴታ አለበት፤ ተጫዋቹ ግን እንደ ፈቀደ ይስባል ወይም «ይበቃኛል» ይላል። የቤቱ ጥቅም የተሸሸገው እዚህ ላይ ነው። አስቀድሞ የሚስበው ተጫዋቹ ስለ ሆነ፣ ከ21 ያለፈ እንደ ሆነ ገንዘቡ ወዲያው ይወሰድበታል፤ በኋላ አዳዩም ቢያልፍ የተወሰደው አይመለስም።

ይህን ጥቅም በትክክል ለመለካት የተነሡት በሜሪላንድ አገር፣ በአበርዲን የጦር መሣሪያ መፈተኛ ስፍራ በወታደርነት ያገለግሉ የነበሩ አራት ወጣቶች ናቸው። ስማቸውም ሮጀር ባልድዊን፣ ዊልበርት ካንቲ፣ ኸርበርት ሜይዝልና ጄምስ ማክደርሞት ይባላል። በዚያን ጊዜ በእጃቸው የነበረው ተራ የጠረጴዛ መደመሪያ መኪና ብቻ ነው። በእርሱም የተጫዋቹን ካርታ ሁሉ ከአዳዩ ካርታ ሁሉ ጋር እያነጻጸሩ በትዕግሥት አሰሉት። ውጤቱን በ1956 በአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር መጽሔት፣ በ1957 ደግሞ በትንሽ መጽሐፍ አወጡት።

በሒሳብ የተገኙት ዋና ዋና ሕጎች ሕፃን እንኳ ሊያጠናቸው የሚችል ናቸው። አስ ሳይኖርህ ቁጥርህ ከ12 እስከ 16 ቢሆንና አዳዩ ከ2 እስከ 6 ያለውን ካርታ ቢያሳይ፣ እርሱ ራሱ ከ21 የማለፍ አደጋ ስላለበት «ይበቃኛል» በል፤ 12 ሲኖርህ ግን አዳዩ 2 ወይም 3 ቢያሳይ አንድ ካርታ ሳብ። አዳዩ 7 ወይም ከዚያ በላይ ወይም አስ ቢያሳይ፣ 17 እስክትሞላ ድረስ ሳብ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች 11 ቢወጣልህና አዳዩ አስ ካላሳየ፣ መደብህን እጥፍ አድርግ። ሁለት አስ ወይም ሁለት 8 ቢደርስህ ለያይተህ ተጫወት፤ ሁለት 10 ግን ከቶ አትለያይ። አዳዩ አስ ባሳየ ጊዜ ኢንሹራንስ ግዛ ቢሉህ እንቢ በል። ይህ ውርርድ ሁለት እጥፍ የሚከፍል ስለ ሆነ፣ እንዳይጎዳህ ከካርታው ሲሦው 10 መሆን ነበረበት፤ ከ52 ካርታ ግን 10 የሚቆጠረው 16 ብቻ ነው፤ ይህም ከሲሦ ያንሳል።

የሕጎቹ ዋጋ ምን ያህል ነው? የአዳዩን አካሄድ እየተከተለ የሚጫወት ሰው ከሚመድበው 100 ዶላር በአማካይ 5 ዶላር ተኩል ያህል ይሸነፋል። ሕጉን የሚጠብቅ ግን፣ ሥርዓቱ መልካም በሆነ ጠረጴዛ፣ ከ100 ዶላር 50 ሳንቲም ያህል ብቻ ይሸነፋል። ልብ በል አንባቢ ሆይ፤ ያም ሆነ ይህ ይሸነፋል!

ይህንንም ኤድዋርድ ቶርፕ የሚባለው የሒሳብ ሊቅ በራሱ አይቶታል። በ1958 የአራቱን ወታደሮች ሕግ በትንሽ ካርድ ጽፎ፣ 10 ዶላር ይዞ ወደ ላስ ቬጋስ ሄደ፤ 8 ዶላር ከ50 ሳንቲም ተሸንፎ ተነሣ። ነገር ግን ነገሩን አልተወውም። በኮምፒዩተር አስልቶ፣ ትንንሾቹ ካርታዎች ወጥተው 10 እና አስ በብዛት በቀሩ ጊዜ ጥቅሙ ወደ ተጫዋቹ እንደሚዞር አገኘ። በ1961 ለሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ አስረዳ፤ በ1962 መጽሐፍ አሳተመ። የቁማር ቤቶቹ ደንግጠው በ1964 የጨዋታውን ሥርዓት ቢያጠብቁት ተጫዋቹ ስለ ሸሻቸው፣ ጥቂት ቆይተው ወደ ቀድሞው መለሱት። ከዚያ ወዲያ ግን ሌላ ዘዴ አመጡ። ካርታውን ከአንድ እሽግ ወደ ስድስትና ስምንት እሽግ አበዙት፤ የወጣውን ካርታ የሚቆጥረውንም ያባርሩ ጀመር። ከ2000 በኋላም በብዙ ጠረጴዛ፣ በሁለት ካርታ 21 ላወጣ ሰው ለ10 ዶላር መደብ ይከፍሉት የነበረውን 15 ዶላር ወደ 12 ዝቅ አደረጉት። ይህች ለውጥ ብቻ፣ ሕግ ጠባቂው ከ100 ዶላር የሚሸነፈውን ከአንድ ዶላር በላይ ትጨምርበታለች። የጠረጴዛው ጌታ ሥርዓቱን ሊለውጥ ይችላል፤ እንግዳው ግን አይችልም።

አሁን አንድ ሒሳብ እናድርግ። ሰው በየጊዜው 10 ዶላር እየመደበ በሰዓት 60 ጊዜ ቢጫወት 600 ዶላር መደበ ማለት ነው። ሕጉን የማያውቀው በአንድ ሰዓት 33 ዶላር ያህል ይከስራል፤ የሚያውቀው 3 ዶላር። አላዋቂው ኪሱ ባዶ ሲሆን ተክዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዐዋቂው ግን በዕውቀቱ ተመክቶ 11 ሰዓት ቢቀመጥ፣ የልጆቹን እራት ያንኑ 33 ዶላር ትቶ ይነሣል፤ በዚያም ላይ ቀኑን አጥቷል። እንግዲህ ጉዳትን የምትቀንስ ዕውቀት፣ ትርፍ የምታመጣ መስላ የታየችው ሰው ካላዋቂው እኩል ይጎዳል።

አራቱ ወታደሮች በቁማር ባለጸጋ አልሆኑም፤ የድካማቸውን ፍሬ ለማንም በሚነበብ ወረቀት አትመው ሰጡ እንጂ። ቶርፕም የቁማሩን ጠረጴዛ ትቶ ወደ ሌላ ሥራ ሄደ። ጨዋታውን ከሁሉ አብልጠው ያወቁት ሰዎች እንጀራቸውን በእርሱ ላይ አልጣሉም። ስለዚህ እንጫወት የሚል ሁሉ ሕጉን ያጥና፤ ከመቀመጡም በፊት ሊያጣው የሚችለውን ገንዘብና የሚነሣበትን ሰዓት ይወስን። መቼ መሳብ እንደሚገባ ወታደሮቹ አስልተውለታል፤ መቼ መነሣት እንደሚገባ ግን ማንም ሊያሰላለት አይችልም።