አስመሳይ ፕሮሰሰር ለማስተማሪያነት የበቃበት ታሪክ

የአሴምብሊ ቋንቋ በትምህርት ፕሮግራም ውስጥ የሚካተተው፣ ተማሪው ኮምፒዩተር ከውስጡ እንዴት እንደሚሠራ እንዲረዳ ነው፡፡ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ የፕሮሰሰር ዓይነት የራሱ ቋንቋ ስላለው፣ ትምህርት ቤቱ የሚያስተምርበትን መሣሪያ መግዛት ሊኖርበት ነው፤ ቢገዛም መሣሪያው በሚሠራበት ጊዜ ውስጡ አይታይም፡፡ አስመሳይ ፕሮሰሰር፣ ይኸውም የአንዱን ፕሮሰሰር ትእዛዛት በሌላ ኮምፒዩተር ላይ የሚፈጽም ፕሮግራም፣ ለመምህራን ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው፡፡

ሐሳቡ ግን ቀደም ያለ ነው፡፡ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኤድሳክ የተባለው ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. በ1949 ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ስታንሊ ጊል በ1951 ባወጡት ጽሑፍ፣ ስሕተት ለመፈለግ ሲባል የሌላውን ፕሮግራም ትእዛዛት አንድ በአንድ እየፈጸመ የሚያትም ፕሮግራም አቀረቡ፡፡ ዶናልድ ክኑዝ ደግሞ በ1968 በታተመው የመጀመሪያ ቅጽ መጽሐፋቸው፣ ማንም ፋብሪካ ያልሠራውን ሚክስ የተባለ ኮምፒዩተር በሐሳብ ፈጥረው አስተማሩበት፡፡ የሚያስገርመው፣ የሚክስ አስመሳይ በራሱ በሚክስ ቋንቋ ተጽፎ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ መገኘቱ ነው፡፡

በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሥር የሰደደው ግን ስፒም ነው፡፡ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ላሩስ በ1990 ያዘጋጁት ይህ ፕሮግራም፣ ሚፕስ የተባለውን እውነተኛ ፕሮሰሰር ያስመስላል፤ ስሙም የሚፕስ ፊደላት ወደኋላ ሲነበቡ የሚገኝ ነው፡፡ በሊኑክስ ላይ ተማሪው ፕሮግራሙን ጽፎ ይጭናል፤ አንዲት ትእዛዝ ብቻ አስፈጽሞም ከ32ቱ ሬጅስተሮች የትኛው እንደተለወጠ ይመለከታል፡፡ ያልተፈቀደ የማኅደረ ትውስታ አድራሻ ቢነካ፣ የስሕተት መልእክት ይደርሰዋል እንጂ የሚበላሽ መሣሪያ የለም፡፡

ይህ ምቾት ዋጋ አለው፡፡ በጥንታዊው የሚፕስ ፕሮሰሰር፣ ከዝላይ ትእዛዝ ቀጥሎ ያለው ትእዛዝ ዝላዩ ከመፈጸሙ በፊት ይሠራል፡፡ ስፒም ካልታዘዘ በቀር ይህን መዘግየት ይሸሽገዋል፤ የማኅደረ ትውስታንም ፍጥነት አያስመስልም፡፡ ለጀማሪ መሸሸጉ ተገቢ ነው፤ መምህሩ ሳይነግረው የቀረ ተማሪ ግን የአስመሳዩን ጠባይ የፕሮሰሰሩ ጠባይ አድርጎ ይወስዳል፤ የፕሮግራሙንም ፍጥነት በትእዛዛቱ ብዛት ብቻ ይገምታል፡፡

የሚፕስ ኩባንያ በ2021 ፊቱን ሪስክ-ፋይቭ ወደተባለው ሥርዓት ማዞሩን አስታወቀ፡፡ በዚህ በአዲሱ ሥርዓት ውስጥ፣ ስፒም ለጀማሪዎች ሲል የሸሸገው የዝላይ መዘግየት ከነጭራሹ የለም፡፡