ከሙሉ ሰመመን በፊት የሚሰጥ ማረጋጊያ መድኃኒት፦ አጠቃቀሙ በዋግ ኽምራ ሁኔታ

በኦፕራሲዮን ክፍል አጠራር «ፕሪሜዲኬሽን» የሚባለው፣ በሽተኛው ሙሉ ሰመመን ከመውሰዱ በፊት የሚሰጠው መድኃኒት ነው። ከእነዚህ መድኃኒቶች ዋነኞቹ ማረጋጊያዎች ናቸው። ጭንቀትን ያበርዳሉ፣ የቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ሰዓታት በትዝታ እንዳይቀሩ ያደርጋሉ፣ ለማስተኛት የሚያስፈልገውንም የሰመመን መድኃኒት መጠን ይቀንሳሉ። ጭንቀት ስሜት ብቻ ሆኖ አይቀርም። የፈራ ሰው ልቡ በኃይል ይመታል፣ የደም ግፊቱ ይጨምራል፣ ለማስተኛትም ከፍ ያለ መጠን ይጠይቃል። እየጮኸና እየታገለ የሚተኛ ሕፃን ደግሞ ምራቁ በዝቶ ጉሮሮው ሊዘጋ ይችላል።

ልማዱ ከሰመመን ሕክምና ታሪክ ጋር አብሮ ያደገ ነው። ኤተር እ.ኤ.አ. በ1846 በቦስተን በአደባባይ ከታየ በኋላ ሐኪሞች ሁለት ችግር ገጠማቸው። ኤተር ቀስ ብሎ ስለሚያስተኛ በሽተኛው መሃል ላይ ይንፈራገጣል፣ የመተንፈሻ አካሉን ስለሚያስቆጣም ምራቅና አክታ ያበዛል። ስለዚህ ለመንፈራገጡ ሞርፊን፣ ለምራቁ አትሮፒን አስቀድሞ መስጠት ተለመደ። ፈረንሳዊው ክሎድ በርናርድም ሞርፊን ቀድሞ የተሰጠው እንስሳ በትንሽ ክሎሮፎርም እንደሚተኛ አሳይቷል። በኋላ ሃሎቴንና ፕሮፖፎልን የመሰሉ ለስለስ ያሉ መድኃኒቶች ሲመጡ የምራቁ ጉዳይ ቀለለ፤ የፕሪሜዲኬሽን ዋና ዓላማም ፍርሃትን ማብረድ ሆነ። በኢትዮጵያ የወረዳና የዞን ሆስፒታሎች ግን ምራቅ የሚያበዛው ኬታሚን ትልቅ ቦታ ስላለው የድሮው ምክንያት አልጠፋም።

ዛሬ በብዛት የሚሠራባቸው ቤንዞዲያዜፒን የሚባሉት መድኃኒቶች ናቸው። በአንጎል ውስጥ ጋባ የተባለው የማረጋጊያ ኬሚካል የሚከፍተው በር ይበልጥ ደጋግሞ እንዲከፈት ያደርጋሉ፤ ክሎራይድ ወደ ነርቭ ሕዋሱ ይገባል፣ ሕዋሱም በቀላሉ አይነሳሳም። ሕመምን ግን አያስታግሱም። አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ዲያዜፓም ብቻ መስጠት እንቅልፋምና የሚያቃስት በሽተኛ ከማስከተል አያልፍም።

ዲያዜፓም ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ለአዋቂ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም በአፍ፣ ቀዶ ሕክምናው ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ቀደም ብሎ፣ በትንሽ ውኃ ይሰጣል። በጡንቻ መውጋቱ አይመከርም፤ ወደ ደም የሚገባበት ፍጥነት አይታወቅምና። የአምፑሉ ፈሳሽ ውኃ ስላልሆነ በደም ሥር ሲገባ ያቃጥላል፤ ለማቅጠን ውኃ ቢጨመርበት ሲሪንጁ ውስጥ እንደ ወተት ይደፈርሳል። ይህን ድፍርስ ያየ ጀማሪ መድኃኒቱ የተበላሸ መስሎት ይደናገጣል፤ ትክክለኛው አሠራር ከሌላ መድኃኒት ጋር ሳይቀላቅሉ ትልቅ የደም ሥር መርጦ ቀስ አድርጎ መስጠት ነው። ሚዳዞላም በውኃ ይሟሟል፣ አያቃጥልም፣ ግማሹ በሁለት ሰዓት ገደማ ከደም ይወገዳል። የዲያዜፓም ግማሽ እስኪወገድ ግን አንድ ወይም ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ጉበት የሚያወጣው ተረፈ ምርትም ራሱ ያስተኛል። አንዱን በሌላው ከመተካት በፊት ይህ ልዩነት መታወስ አለበት።

ለሕፃን ሚዳዞላም በአፍ በኪሎ 0.5 ሚሊ ግራም ይሰጣል። 12 ኪሎ የምትመዝን ልጅ 6 ሚሊ ግራም ይደርሳታል። መድኃኒቱ መራራ ስለሆነ በጥቂት ስኳር ይጣፍጣል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ልጅቱ አንገቷን በእናቷ ትከሻ ላይ ጣል ታደርጋለች፣ ዓይኗ ይለዝባል፣ ነጭ ጋውን ያደረገ ሰው ሲቀርባትም አታለቅስም። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ልጅቱን ለብቻዋ መተው አይፈቀድም፤ አጠገቧ ኦክስጅን፣ መምጠጫና በልኳ የሆነ ጭምብል ያለው፣ በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍስ አምቡ ባግ መኖር አለበት።

ኬታሚን ከሌሎቹ ይለያል። የደም ግፊትን ስለማይጥልና ትንፋሽን በአብዛኛው ስለማያቋርጥ፣ የማደንዘዣ ማሽንና የሰው ኃይል በተጓደለበት ቦታ ባለውለታ መድኃኒት ነው። ሁለት ጠባይ ግን አለው፦ ምራቅ ያበዛል፣ በሽተኛው ሲነቃም በቅዠት ሊያስጮኸው ይችላል። ለምራቁ አትሮፒን፣ ለቅዠቱ ጥቂት ዲያዜፓም ወይም ሚዳዞላም ይረዳል። አትሮፒን ላብንም ያግዳል። ከተከዜ ቆላ፣ ለምሳሌ ከሰሃላ፣ ትኩሳት ይዞት ለመጣ ሕፃን አትሮፒን በልማድ ብቻ ቢሰጥ ሰውነቱ ሙቀቱን ማስወጣት ይሳነዋል። ለቆላ ልጅ በሽታውንና የሰውነቱን ሙቀት ሳያዩ አትሮፒን መስጠት ተገቢ አይደለም።

የዋግ ኽምራ መልክዓ ምድር ሌላም ግምት ይጠይቃል። የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለባት ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች የደም ኦክስጅን በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሄሞግሎቢናቸውም በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖሩት የተለየ አልነበረም። ይህ ግን የነቃና በደንብ የሚተነፍስ ሰው ልክ ነው። ማረጋጊያ የወሰደ ሰው ትንፋሹ ሲዳከም፣ በደጋ ያለው መጠባበቂያ ጠባብ ስለሆነ ኦክስጅኑ ቶሎ ይወርዳል። እንደ ሞርፊን ወይም ፔቲዲን ያለ የሕመም ማስታገሻ ከዲያዜፓም ጋር ሲደራረብ አደጋው ከሁለቱ ድምር በላይ ነው። በጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ ከመድኃኒቱ በፊት ተሰክቶ በሽተኛው በደንብ እስኪነቃ መቆየት አለበት።

ከሩቅ ቀበሌ በእግርና በመኪና ተጉዞ የሚደርስ በሽተኛ ብዙ ጊዜ ውኃ የጎደለው ነው። የጾም ወቅት ከሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀመሰ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰው ማረጋጊያ ሲወስድ የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ ሳላይን መቅደም ያለበት ለዚህ ነው። በተቃራኒው «ምንም አልበላሁም» የሚል ሰው ጠላ ጠጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ጠላ እንደ ምግብ አይቆጠርምና። ለሰመመን ባለሙያ ግን ጠላ ንጹሕ ፈሳሽ አይደለም፣ የእህል አተላ ያለበት ነው። ከሰመመኑ በፊት ወተት የሌለው ቡናና ሻይ እስከ ሁለት ሰዓት፣ የእናት ጡት እስከ አራት፣ ቀላል ምግብ እስከ ስድስት ሰዓት የሚፈቀደው ስለ ሆድ ባዶነት ነው። በሙሉ ሆድ እንቅልፋም መሆን ትውከትን ወደ ሳንባ ይጋብዛል። አረቄ አዘውትሮ የሚጠጣ ሰውም ለተለመደው መጠን ላይበገር ይችላል፤ ጥያቄው በአክብሮትና ያለ ወቀሳ ሲቀርብ እውነቱ ይገኛል።

ማረጋጊያ የማይሰጣቸው አሉ። ጭንቅላቱን የተመታና ንቃቱ የሚዋዥቅ፣ ደም ፈሶት ሾክ ውስጥ የገባ፣ አየር መግቢያው የጠበበ፣ ተኝቶ ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው ሊታለፍ ይገባል። በቀዶ የምትወልድ እናት ልጁ ከመውጣቱ በፊት ዲያዜፓም ከወሰደች ሕፃኑ ልፍስፍስ ሆኖ ይወለዳል፣ ለመተንፈስም ይሰንፋል። አዛውንት በትንሽ መጠን እንኳ ግራ ይጋባሉ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቤተሰባቸውን ላይለዩ ይችላሉ።

መድኃኒቱ ለማን ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ ባለፉት ዓሥርተ ዓመታት ጠንከር ብሎ ተነስቷል። ሎረንስ ኤግበርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1963 እንዳሳዩት፣ ፔንቶባርቢታል የተባለ ማስተኛ መድኃኒት የተሰጣቸው በሽተኞች ተኙ እንጂ አልተረጋጉም፤ የሰመመን ሐኪሙ ቀድሞ ጎብኝቶ ያነጋገራቸው ግን ተረጋግተዋል። በፈረንሳይ 1,062 በሽተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናትም፣ ከቤንዞዲያዜፒኖች አንዱ የሆነውን ሎራዜፓም ለሁሉም መስጠት የበሽተኛውን እርካታ እንደማይጨምርና ንቃትን እንደሚያዘገይ አሳይቷል። እነዚህ ግኝቶች ለዋግ ከፍተኛ ትርጉም አላቸው። «ከተኛሁ በኋላ ባልነቃስ?» የሚለው ፍርሃት በቋንቋ የሚመለስ ነው፤ በአካባቢው ቋንቋ በኽምጥኛ የሚያስብ ሽማግሌ «አባቴ» ተብሎ፣ በራሱ አፍ ሲነገረው ከአንድ እንክብል የማይተናነስ እፎይታ ያገኛል። መድኃኒቱ ከንግግሩ በኋላ ፍርሃቱ ላልለቀቀው፣ ለሚታገል ሕፃንና ኬታሚን ለሚወስድ ሰው ሊቀመጥ ይገባል። የስምምነት ፊርማም ሁልጊዜ ከማረጋጊያው በፊት ይወሰዳል፤ ከወሰደ በኋላ የፈረመ ሰው ምን እንደፈረመ አያስታውስም።

የተሰጠው ማረጋጊያ ከመጠን በላይ ከሆነ መጀመሪያ የሚደረገው አገጭን ወደፊት አውጥቶ የአየር መንገዱን መክፈት፣ ኦክስጅን መስጠትና ካስፈለገ በአምቡ ባግ ማስተንፈስ ነው። የቤንዞዲያዜፒኖች ማርከሻ የሆነው ፍሉማዜኒል ባለበት ሆስፒታል በ0.2 ሚሊ ግራም ተጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል። ፍሉማዜኒል ግን ከዲያዜፓም ቀድሞ ስለሚያልቅ፣ የነቃው ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ሊያንቀላፋ ይችላል፤ ስለዚህ ከአልጋው ቶሎ አይለቀቅም።

ወደ ቤት የሚመለሰው በሽተኛ ጉዳይ በልዩ ጥንቃቄ ይያዛል። ዲያዜፓም የወሰደ ሰው በዕለቱ በቅሎ አይጋልብም፣ ገደል ያለበትን መንገድ ብቻውን አይወርድም፣ እሳት አያነድም፣ ጠላና አረቄ ቢያንስ ለ24 ሰዓት አይጠጣም። ወደ ሰሃላ የሚመለስ ከሆነ ማደሪያ ተፈልጎለት ሌሊቱን ሰቆጣ ቢያድር ይሻላል። መድኃኒቱ ትዝታን ስለሚያደበዝዝ መመሪያው ለበሽተኛው ብቻ ሲነገር አይጸናም፤ አስታማሚውም ቆሞ እንዲሰማና የሰማውን መልሶ እንዲናገር ይደረጋል።