የባሕር ኀይል ሒሳብ

የመንግሥት ሒሳብ ታሪክ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ገንዘብ ሚኒስቴርና ስለ ግምጃ ቤት ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ገንዘብ ሰብሳቢውን ሳይሆን ገንዘብ አውጪውን መሥሪያ ቤት ነው፤ ይኸውም የእንግሊዝ ባሕር ኀይል ነው። አንድ ታላቅ መሥሪያ ቤት የተሰጠውን ገንዘብ በምን ላይ እንዳዋለ በየዓመቱ እንዲናገር በሕግ የተገደደው በዚያ አገር መጀመሪያ በዚህ መሥሪያ ቤት ነው። ወደዚያ ሕግ ለመድረስ ግን 165 ዓመት ያህል ፈጅቶአል፤ በመካከሉም የጠላት መርከቦች እስከ ወደቡ ደጃፍ ገብተዋል። ዘመኑን የምንቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢያችን ይወቅልን።

በ1660 ዳግማዊ ቻርልስ ከስደት ወደ አገራቸው ሲመለሱ ባሕሩን ያሻገረቻቸው መርከብ ስሟ ተለውጦ ሮያል ቻርልስ ተባለች። በዚያው ዓመት የልብስ ሰፊ ልጅ የሆነው የ27 ዓመቱ ሳሙኤል ፒፕስ፣ በዘመዱ በኤድዋርድ ሞንታጉ ረዳትነት፣ የባሕር ኀይል ቦርድ ጸሓፊ ሆኖ በ350 ፓውንድ የዓመት ደመወዝ ተሾመ። ቦርዱ መርከብ የሚያሠራ፣ እንጨት፣ ገመድና ሬንጅ የሚገዛ፣ ለመርከበኞችም ደመወዝ የሚያስከፍል ስለ ነበረ ከመንግሥቱ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ብዙ ገንዘብ ከሚያወጡት አንዱ ነበረ።

ፒፕስ በካምብሪጅ የተማረ ሰው ነው፤ ላቲንም ያውቃል። ነገር ግን የብዜት ሠንጠረዥ አያውቅም ነበር። ይህ በዚያ ዘመን እንደ ነውር አይቈጠርም፤ ቍጥር የነጋዴና የአናጢ ሥራ ነው ይባል ነበርና። ሰውየው ግን የማያውቀውን ሒሳብ መፈረም ስላልወደደ በ1662 በሐምሌ ወር በሮያል ቻርልስ መርከብ ላይ ያገለገለውን ኩፐር የሚባለውን መርከበኛ አስተማሪ አድርጎ ቀጠረ፤ ከሌሊቱ በ10 ሰዓት እየተነሣም ብዜትን እንደ ተማሪ ቤት ልጅ በቃሉ ያጠና ጀመር። በሚቀጥለው ወር ከመርከብ ሠሪው ከአንቶኒ ዲን ጋራ ወደ ዋልታም ጫካ ሄዶ እንጨት እንዴት እንደሚለካ፣ በልኩም ላይ ንጉሡ እንዴት እንደሚታለሉ በዓይኑ አየ። ከኾላንድ መጣ የተባለውን የገመድ ክር አስፈትሎ ሲመረምርም ውስጡ አሮጌ፣ ላዩ ብቻ አዲስ ሆኖ አገኘው። ሹመት ከተቀበለ በኋላ ብዜት ለመማር የሚነሣ ሹም በየትም አገር ብዙ አይገኝም።

ይሁን እንጂ ጻድቅ ልናደርገው አንፈልግም። ፒፕስ ከነጋዴዎች፣ ይልቁንም ከእንጨት ነጋዴው ከዊልያም ዋረን፣ እጅ መንሻ ይቀበል ነበር። በ1666 መጨረሻ ሀብቱ 6200 ፓውንድ መድረሱን ራሱ በዕለት ማስታወሻው ጽፎአል፤ ይህም ከደመወዙ ብቻ ሊጠራቀም አይችልም። ሌላው ሹም እንደዚሁ ያደርግ ነበር ማለት ምክንያት ይሆናል እንጂ ነጻ አያወጣም።

የዚያ ዘመን ሒሳብ የሚሠራው እንደሚከተለው ነው። የባሕር ኀይሉ ገንዘብ ያዥ ይህን ያህል ተቀበልሁ፣ ይህን ያህል ከፈልሁ ብሎ ደረሰኙን ያቀርባል፤ ድምሩ ከተስተካከለ ነጻ ይሆናል። ገንዘቡ ለታሰበለት ሥራ መዋሉን የሚጠይቅ የለም፤ ያልተከፈለ ዕዳም በዚህ ሒሳብ ላይ ቦታ የለውም። ገንዘብ ያዡ ጆርጅ ካርተሬት ከደመወዙ ሌላ በእጁ ከሚያልፈው ከእያንዳንዱ ፓውንድ 3 ፔንስ፣ ማለት ከሰማንያው አንዱን እጅ፣ ይወስድ ነበር። እንግዲህ ወጪው በበዛ ቍጥር የገንዘብ ያዡ ጥቅም ይበዛል ማለት ነው።

በ1665 ከኾላንድ ጋራ ጦርነት ሲጀመር ፓርላማው ሁለት ሚሊዮን ተኩል ፓውንድ ያህል ግብር አስቀድሞ ፈቅዶ ነበር። ለዚያ ዘመን እጅግ ከፍ ያለ ገንዘብ ነበረ፤ አልበቃም። በዚያው ዓመት ቸነፈር ስለ ገባ ፓርላማው ከለንደን ወጥቶ በኦክስፎርድ ተሰበሰበና ሌላ 1250000 ፓውንድ ጨመረ። በዚህ ጊዜ ጆርጅ ዳውኒንግ የተባለው የገንዘብ ዐዋቂ፣ ገንዘቡ ለጦርነቱ ብቻ እንዲውል፣ አበዳሪዎችም በተራ ቍጥራቸው እንዲከፈሉ የሚያዝ ቃል በሕጉ ውስጥ አስገባ። ታላቁ ሹም ክላሬንደን ይህ ነገር የንጉሥን ክብር የሚነካ ነው ብለው ተቃወሙ። ሆኖም ጸደቀ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ለንደን ተቃጠለች፤ ግብሩም እንደ ታሰበው አልገባም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ መከራውን የተሸከመው መርከበኛው ነው። በጥሬ ገንዘብ ፈንታ ቲኬት የተባለ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ወረቀቱ የሚመነዘረው ለንደን በሚገኘው በገንዘብ ያዡ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው፤ በዚያም ገንዘብ የለም። የሚበላው ያጣ መርከበኛ ቲኬቱን በቅናሽ ዋጋ ለመሸታ ቤት ባለቤት ይሸጣል። በ1666 በሐምሌ ወር ባሎቻቸውና ወዳጆቻቸው በኾላንድ የተማረኩባቸው ከ300 የሚበልጡ ሴቶች በቦርዱ ግቢ ተሰብስበው ገንዘብ ሲጠይቁ፣ ሲያለቅሱና ሲራገሙ መዋላቸውን ፒፕስ ጽፎአል።  በዚያው ዓመት በመከር ወራት ለፓርላማው የሚቀርበውን ሒሳብ ሲያዘጋጅ የባሕር ኀይሉ ዕዳ ከ900000 ፓውንድ በላይ ሆኖ ተገኘ። ለዚህ ዕዳ በቂ ገንዘብ አልመጣም።

ስለዚህ በ1667 መጀመሪያ ታላላቆቹ መርከቦች ወደ ባሕር እንዳይወጡ ተወሰነ። የሰላም ድርድር ተጀምሮ ስለ ነበረ ንጉሡና አማካሪዎቻቸው በዚያ ተስፋ አድርገው ነበር፤ ዋናው ምክንያት ግን ለስንቅና ለደመወዝ የሚሆን ገንዘብ መጥፋቱ ነው። መርከቦቹ በሜድዌይ ወንዝ ውስጥ፣ ቻተም በተባለው የባሕር ኀይል ግቢ አጠገብ፣ ሰው ሳይኖርባቸው ታሰሩ። በሰኔ ወር ደ ሮይተር የሚያዝዘው የኾላንድ ባሕር ኀይል መጥቶ በወንዙ ላይ የተዘረጋውን የብረት ሰንሰለት በጠሰ፤ ሮያል ጄምስን፣ ሮያል ኦክንና ሎያል ለንደንን አቃጠለ፤ ንጉሡን ከስደት የመለሰችውን፣ የፒፕስም የብዜት መምህር ያገለገለባትን ሮያል ቻርልስን ጐትቶ ወሰዳት። ከጠላት መርከቦች ላይ በእንግሊዝኛ የሚጮኹ ሰዎች ተሰምተው ነበር፤ እነዚህም ወረቀት ሰልችቶአቸው ጥሬ ገንዘብ ለሚከፍለው የገቡ መርከበኞች ነበሩ። ፒፕስ ራሱ ሚስቱንና አባቱን ወርቅ አስይዞ ወደ ገጠር ሰደደ። ከሮያል ቻርልስ የኋላ ክፍል የተነሣው፣ አንበሳና ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ የተቀረጸበት የእንግሊዝ ነገሥታት ዓርማ፣ ዛሬ በአምስተርዳም በሚገኘው በሬይክስ ቤተ መዘክር ይታያል።

አገሩ ሁሉ ተቈጣ፤ ፓርላማውም ሒሳቡን የሚመረምር ኮሚሲዮን አቋቋመ። በ1668 መጋቢት 5 ቀን ፒፕስ በሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ስለ ቲኬቶቹ ከሦስት ሰዓት በላይ ተናገረ። ቲኬት የበዛው ሹማምንት ስለ ፈለጉት ሳይሆን ገንዘብ ስላልነበረ መሆኑን ከመዝገቡ እያወጣ በቀንና በቍጥር አስረዳ። ንግግሩ ተመሰገነ፤ ምርመራው እስከ 1670 ቢዘልቅም እርሱ አልተቀጣም። በእኛ አስተያየት መዝገብ መያዙ ራሱን አዳነው እንጂ መርከበኛውን አላዳነውም፤ ያ ሁሉ ማስረጃ የቀረበው መርከቦቹ ከተቃጠሉ በኋላ ነውና።

ከዚያ በኋላ ያለውን መቶ ዓመት በአጭሩ ብናልፈው አይጐዳም። ሥራው ተስፋፋ፤ ሒሳቡ ግን እንደ ድሮው ቀረ። በ1780 የተሾመው የሒሳብ መርማሪ ኮሚሲዮን፣ ከሥልጣን የወረዱ ገንዘብ ያዦችና የሟቾቹ ወራሾች ያልተዘጋ የመንግሥት ሒሳብ በእጃቸው ይዘው አገኛቸው። በ1785 የባሕር ኀይሉ ገንዘብ እስኪከፈል ድረስ በእንግሊዝ ባንክ እንዲቀመጥ ታወጀ። ሆኖም የዚያን ጊዜው ገንዘብ ያዥ የሄንሪ ዳንዳስ፣ በኋላ ሎርድ ሜልቪል፣ ከፋይ የነበረው ትሮተር ገንዘቡን ወደ ግል ባንክ እያዛወረ ሲነግድበት ኖረ። ነገሩ በ1805 በምክር ቤቱ ለድምፅ ሲቀርብ 216 ለ216 እኩል ሆነ፤ አፈ ጉባኤው በሜልቪል ላይ ስለ ወሰኑ ሚኒስትሩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በ1806 በላይኛው ምክር ቤት ተከሰው ነጻ ወጡ።

ከዚያም ጄምስ ግሬም በ1830 የባሕር ኀይሉ የበላይ ሹም ሆኑ። ግሬም ያስተዋሉት ነገር ሌብነት አይደለም፤ ከሌብነት ይልቅ ለመያዝ የሚያስቸግር ነው። ለአንድ ሥራ የተፈቀደው ገንዘብ ለሌላ ሥራ ይውላል፤ ደረሰኙ ሁሉ ትክክል ነው፤ ማንም አልሰረቀም፤ ግን ፓርላማው የፈቀደው ነገር አልተሠራም። ስለዚህ በ1832 ከ1546 ጀምሮ የኖረውን የባሕር ኀይል ቦርድ አፈረሱና ሥራውን ለአንድ ኀላፊነት አደረጉት። ዋናው የሒሳብ ሹም ጆን ዲያስ ቶምሰንም እያንዳንዱ ሒሳብ በሰጪና በተቀባይ በኩል ሁለት ጊዜ የሚጻፍበትን የነጋዴዎች አያያዝ አስገባ። ከዚህም ሁሉ የሚበልጠው፣ የባሕር ኀይሉ ወጪ ከተፈቀደለት በጀት ጋራ በየአርእስቱ እየተነጻጸረ በውጭ መርማሪዎች ታይቶ በየዓመቱ ለምክር ቤቱ እንዲቀርብ ሕጉ ማዘዙ ነው። ፒፕስ ከጥፋት በኋላ በሦስት ሰዓት ንግግር የመለሰው ጥያቄ እንግዲህ የዓመት ሥራ ሆነ።

ይህ ደንብ በ1846 ለጦር ሠራዊቱ፣ በ1866 በግላድስተን ጊዜ ለመሥሪያ ቤቶች ሁሉ ተዘረጋ። በአገራችንም በ1948 ዓመተ ምሕረት የተሻሻለው ሕገ መንግሥት፣ ዋናው ኦዲተር የመንግሥትን የሒሳብ መዛግብት በማናቸውም ጊዜ እንዲመለከትና ለንጉሠ ነገሥቱና ለፓርላማው መግለጫ እንዲያቀርብ የደነገገው ከዚሁ ወገን የሆነ ሐሳብ ነው። በእንግሊዝ ደግሞ ከ1872 ወዲህ የየመሥሪያ ቤቱ ቋሚ ኀላፊ ለሒሳቡ በስሙ ይጠየቃል። ሚኒስትሩ የማይገባ ወጪ ቢያዝዘው ተቃውሞውን በጽሑፍ ያቀርባል፤ ሚኒስትሩም በጽሑፍ ካላዘዘው በቀር አይከፍልም፤ ደብዳቤውም ለኦዲተሩ ይተላለፋል።

ስለ ፒፕስ መጨረሻ ሳንናገር ብንቀር ታሪኩ ይጐድላል። ሰውየው ሁለት ጊዜ የባሕር ኀይሉ ዋና ጸሓፊ ሆኖ አገልግሎ በ1703 ሞተ። በሞተ ጊዜ መንግሥት ያልከፈለው ሒሳብ 28007 ፓውንድ ከ2 ሺሊንግ ከ1 ፔንስ ከሩብ ነበረ። ለወራሾቹም አልተከፈለም።